ጥርስ የሞላች ብልቃጥ በጂዳ

ከቤቴ በወጣሁበት ዕለት የሠራሁትን ቂልነት አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል። ጣቴን የምታህል የመስታወት ብልቃጥ በሻማ ሰም አሸግሁ። አንገቷን በጥቁር ክር ደጋግሜ አሰርሁ። ውስጧ ደግሞ ፊደልና ቁጥር የተጻፈባት ብጣሽ ወረቀት ጠቅልዬ ከተትሁ። ወረቀቷ የተቀመጠችው በምን መካከል መሰላችሁ? በጥርስ። ይህን ሳደርግ ያየኝ ጎረቤት ቢኖር ‹‹ጋሽ ይማም በስተርጅና ጥንቆላ ጀመረ›› ብሎ ኮምቦልቻን ባዳረሰ፣ እኔንም ባዳነኝ ነበር። ማንም አላየኝም። ስለዚህ የዕድሜዬን ትልቁን ሞኝነት በገዛ እጄ ቋጥሬ፣ ሰው ምሕረት ሊለምን ወደሚሄድበት አገር ተሸክሜው ሄድሁ።

ጥርሱ የሰው አይደለም፤ የሻርክ ነው። ያውም ትልቁ ከሰሊጥ ፍሬ አይበልጥም። እኔ ድንጋይ በሚመረመርበት ቤት ውስጥ ተቀምጬ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ከአባይ በረሃ የኖራ ድንጋይ ያመጡልን ነበር። ከሆምጣጤ ብዙም በማይበረታ አሲድ እንዘፈዝፈዋለን። ድንጋዩ ቀስ እያለ ይሟሟል፤ ጥርስ ግን አይሟሟም፤ ከአተላው ጋር ይቀራል። አተላውን በወንፊት አጥበን፣ አድርቀን፣ ጥቁር ሳህን ላይ በትነን በማጉያ እናየዋለን። የሚያብለጨልጭ፣ ጠርዙ ስለት ያለው፣ ሥሩ እንደ ሱሪ ሁለት እግር የሆነ ነገር ከታየ፣ በእርጥብ ብሩሽ ጫፍ አንስተን እናስቀምጠዋለን። ዛሬ ዝንጀሮ የሚንጫጫበት ገደል በአንድ ዘመን ባሕር ነበረ ማለት ነው።

ሰዓዳ የሟች እህቴ ልጅ ናት፤ ያሳደግኋት እኔ ነኝ። አተላውን አንዳንዴ ወደ ቤት እወስድ ስለነበር በልጅነቷ ከጎኔ ተቀምጣ ትለቅም ነበር። ዓይኗ ከእኔ ይበልጥ ነበር። ‹‹አባባ፣ ይኼ ጥርስ ነው፤ ያ ግን ስባሪ ድንጋይ ነው›› ትለኛለች፤ እኔ ተከራክሬ እሸነፋለሁ። በብልቃጧ የነበሩት እሷ የለቀመቻቸው ናቸው። ያገሬ ልጅ ሁሉ ወደ ዓረብ አገር በሚጎርፍበት በዚያ ጊዜ እሷም ሄደች። ጂዳ ሰው ቤት ተቀጥራ ሳለ አንድ ቀን በስልክ ‹‹እዚህ የምነካው ሁሉ የሰው ዕቃ ነው፣ አባባ›› አለችኝ። ያቺ ንግግር ሆዴን በላችው። ለዑምራ፣ ለትንሹ ሐጅ፣ ስነሳ የራሷ የሆነ ነገር ልውሰድላት ብዬ አሰብሁ። አሳቡ ደግ ነበር። ብዙ ሰው የሚጠፋው በደግ አሳብ ነው።

ስለ ወረቀቷም አንድ ነገር ልበል። በእኛ ሙያ ጥርሱ ከየትኛው ድንጋይ እንደወጣ የሚነግር መለያ ወረቀት በእርሳስ እንጂ በቀለም አይጻፍም። ቀለም ውሃ ሲነካው ይፈሳል፤ እርሳስን ግን ዘፍዝፈህ ብታሳድረው ንቅንቅ አይልም። ይህችን ያዙልኝ፤ ኋላ ታመጣብኛለች።

የመጀመሪያው ቀን አውሮፕላን ነው። ኢሕራሜን፣ ማለት ሁለቱን ነጭ ጨርቅ፣ ከአዲስ አበባ ለብሼ ተሳፈርሁ። ከላይ የሚነፍሰው ቀዝቃዛ አየር የደሴን የጦሳ ተራራ ነፋስ ያስንቃል፤ ተንቀጠቀጥሁ። ከኋላዬ ያለ ሰው ‹‹ሽማግሌው ከአሁኑ በአላህ ፍራቻ ይርዳል›› ሲል ሰማሁና ብርድ ነው ማለቱን ተውሁት። ዙሪያዬን የተቀመጡት ለሥራ የሚሄዱ ልጆች ነበሩ። ከአጠገቤ ያለችው ወረቀቶቿን በላስቲክ ከረጢት ደረቷ ላይ አቅፋ መስኮቱን እንኳ አላየችም።

‹‹አባባ፣ ማዳሜ ክፉ ብትሆንስ?›› አለችኝ።

‹‹ደግ ናት።››

‹‹ያውቋታል እንዴ?››

‹‹ከየት አውቃታለሁ? ሽማግሌ የተፈጠረው እንዲህ ለማለት ነው።››

ትንሽ ሳቀች። ጂዳ ስንወርድ በሌላ በር ወሰዷቸው። ዞራ እንኳ አላየችኝም፤ ከረጢቱን እንዳቀፈች ሄደች። እስከ ዛሬ ማዳሟ ምን ዓይነት ሴት እንደሆነች አላወቅሁም።

ፍተሻው ላይ ሻንጣዬን ከፈቱት። ወታደሩ ብልቃጧን አንስቶ ወደ መብራቱ አስጠግቶ ነቀነቃት። ‹‹ኤሽ ሃዳ?›› አለኝ፤ ምንድን ነው ማለቱ ነው። የእኔ ዓረብኛ የመድረሳ ነው፤ በገበያ ስናገርበት ሰዎች ‹‹አሚን›› ይሉኛል። በዚያች ሰዓት እሱም ጥሎኝ ጠፋ። ግራ ሲገባኝ አፌን ከፍቼ የቀሩኝን ጥቂት ጥርሶች አሳየሁትና ወደ ብልቃጧ ጠቆምሁ። ‹‹ደዋ?›› አለ፤ መድኃኒት ነው ወይ? ‹‹ደዋ!›› አልሁ። ሳቀና አሳለፈኝ። ኢሕራም ለብሼ መዋሸቴ ትዝ ያለኝ አውቶቡሱ ወደ መካ ከተንቀሳቀሰ በኋላ ነው። መንገዱን ሁሉ አስተግፊሩላህ እያልሁ ሄድሁ፤ ከጎኔ የተቀመጠውም የበቃሁ ሰው መስዬው እጄን ሳመኝ።

መካ መንሱር በሚባለው ሰፈር፣ ከወሎ የመጣን ሽማግሌዎች አንድ ክፍል ውስጥ ተደረደርን። መንሱር ገበያው የኮምቦልቻን የቅዳሜ ገበያ አስር ጊዜ ቢያጥፉት ነው፤ ልዩነቱ እዚያ ሻጩም ገዢውም ከሌላ አገር የመጣ መሆኑ ነው። በማግስቱ ዑምራዬን ፈጸምሁ። የጎረቤቶቼን የዱዓ አደራ ሁሉ አደረስሁ፤ ልጅ የሚሹትን፣ ክስ ያለባቸውን፣ ላማቸው የታመመችውን ጭምር። ስለ ሐረሙ፣ ስለ ታላቁ መስጊድ፣ ከእኔ የተሻሉ ሰዎች ጽፈዋል። እኔ ያየሁትን ልንገራችሁ፤ የመካ ተራራ ጥቁር፣ እሳት የወለደው ድንጋይ ነው። ባሕር ነክቶት አያውቅም፤ ጥርስም ዛጎልም የለውም። ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ሰማይ ሲያይ እኔ ጎንበስ ብዬ ድንጋይ ሳይ አብሮኝ የመጣው ሰው ‹‹ምን ጠፍቶብህ ነው?›› አለኝ።

በሦስተኛው ቀን ብርሃኑ ከጂዳ መጥቶ ከከተማው ውጭ ጠበቀኝ። ብርሃኑ የድሮ የሥራ ባልደረባዬ ልጅ ነው፤ የጎጃም ሰው፣ ሾፌር። ማዕተቡን ሸሚዙ ውስጥ ይደብቃል፤ ኢቃማው፣ ማለት የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ግን ‹‹ኢብራሂም›› ይለዋል። እንደ እሱ ስም ለውጠው የመጡ ብዙ ናቸው።

‹‹በኢብራሂም ልጥራህ ወይስ በብርሃኑ?›› አልሁት።

‹‹ፖሊስ ካለ ኢብራሂም፣ ምግብ ካለ ብርሃኑ።››

ጂዳ፣ ሸረፊያ በሚባለው ሰፈር ባለች ጠባብ ክፍሉ ውስጥ አልጋውን ለቀቀልኝና እሱ መሬት ተኛ። እምቢ ብለው ‹‹አባቴ ቢሰማ ከጎጃም ድረስ ይረግመኛል›› አለኝ። በላስቲክ የታሸገ እንጀራ አመጣ፤ እንደ መድኃኒት በጥንቃቄ ነው የሚፈታው። ወጡ ግን የአገር ቤቱን ያህል አቃጠለኝ። አልቅሼ በላሁ፤ እሱም ናፍቆት መሰለው።

በአሥር ሰዓት ገደማ ሰዓዳ ወደምትሠራበት ቤት፣ ወደ ጃሚዓ ሰፈር ወሰደኝ። ማዳም የሰዓዳ አጎት ለዑምራ መምጣቱን ሰምታ በኋላ በር በኩል እንድታገኘኝ ፈቅዳ ነበር፤ ሰሐን ሙሉ ተምርም ልካልኛለች። ሰዓዳ ከስታለች። ‹‹አባባ! አልሐምዱሊላህ!›› ብላ እጄን ስትስም እጆቿ የበረኪና ሽታ ነበራቸው። ብልቃጧን አወጣሁላት። ወደ ብርሃን አዙራ አየቻትና ‹‹የእኔ ናቸው?›› አለች። ‹‹ያንቺው ናቸው፤ እኔ ስባሪ ድንጋይ ነው ብዬ የተከራከርኋቸው ሳይቀሩ›› አልኋት። ሳቀችና ኪሷ ውስጥ ከተተቻት። ያቺን ሳቅ ሳይ በዓለም ላይ ከእኔ የበለጠ ብልህ ሰው የለም ብዬ ተመለስሁ። አንድ ሌሊት ሙሉ ብልህ ሆኜ አደርሁ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ፉል በተሚስ እየበላን ነበር፤ ተሚስ እንደ ጋሻ የሰፋ ትኩስ ዳቦ ነው። ስልኩ ጮኸ። ሰዓዳ ናት፤ ድምጿ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል።

‹‹አባባ፣ ጥርሶቹን አገኟቸው።››

‹‹እነማን?››

‹‹ትንሹ ልጅ ከትራሴ ሥር አውጥቶ ለማዳም ሰጣት። ማዳም ‹ሲሕር ነው› አለች። ድግምት።››

የያዝሁትን ተሚስ ሳህኑ ላይ መለስሁ። ‹‹ምን አልሻት?››

‹‹የሻርክ ጥርስ ነው አልኳት። ከየት መጣ አለችኝ። ካገሬ ተራራ አልኳት። ወላሂ እንደዚያ ስላት ነው የጮኸችው። ማታ ሰሙን ሰብራ ቁርአን በተቀራበት ውሃ ዘፈዘፈችው። ሲሕር ከሆነ ጽሑፉ ይለቃል፣ ይፈታል አለች። ጠዋት ስናይ ወረቀቱ እንዳለ ነው። አንዲት ፊደል አልለቀቀችም። ‹ይህ የጸና ነው› እያለች ታለቅሳለች።››

‹‹ያ ሰላም…››

‹‹ምነው አባባ፣ በእስክሪብቶ ብትጽፈው ምን ነበረበት!››

ከፊሉ፣ የማዳም ባል፣ ሪያድ ነው፤ ከነገ ወዲያ ይመለሳል። ሲመለስ ብልቃጧንም ሰዓዳንም ለሚመለከታቸው ሰዎች አሳልፎ ይሰጣል ብላ ማዳም ምላለች። በዚያ አገር ሲሕር ተራ ስድብ አይደለም፤ አንገት የሚያስከፍል ክስ ነው። ይህን ብርሃኑ ነው የነገረኝ። አንዲት ልጅ ፀጉሯን ከማበጠሪያው ሰብስባ በጨርቅ ቋጥራ ስላስቀመጠች ብቻ መወሰዷንም ነገረኝ።

‹‹ከዚያስ?››

‹‹ከዚያማ ወሬዋን የሰማ የለም፣ ጋሼ።››

ቁጭ ብዬ አሰብሁት። ጥርስ። ክር። ሰም። የማይነበብ ፊደል። ቁጥር። ሰው ከፍሎ አሠራልኝ ቢለኝ ከዚህ የተሟላ ድግምት መሥራት አልችልም ነበር። ያሳደግኋትን ልጅ አንገት በገዛ ክሬ አስሬ የሰጠሁ እኔ ነኝ።

ያን ዕለት ፍርሃት ምን እንደሆነ ተማርሁ። እስከዚያ ድረስ ጎበዝ የሆንሁ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ የሚያስፈራ ነገር አልገጠመኝም። ብርሃኑ ለሥራ ወጥቶ ብቻዬን ሳለሁ በሩ በኃይል ተንኳኳ። ሊይዙኝ መጡ ብዬ መታጠቢያው ውስጥ ገባሁና ከመጋረጃው ኋላ ቆምሁ። ቧንቧውን በትከሻዬ ገፍቼው ኖሮ ውሃው ከራሴ እስከ እግሬ ለቀቀብኝ፤ ትንፍሽ አላልሁም። የመጣው የጋዝ ሲሊንደር የሚያመላልሰው ሰው ነበር። ብርሃኑ ሲመለስ ከነልብሴ ረጥቤ አገኘኝ። ‹‹ጋሼ፣ ውዱእ እንዲህ ነው እንዴ?›› አለኝ። መሳቅ አልቻልሁም። ወደ መካ ሸሽቼ ከሰዎቼ ጋር ልቀላቀል፣ ማንም አያውቀኝ ብዬ አስቤም ነበር። ለአሳቡ እግሬ ተስማምቶ ተነሥቷል፤ ጫማዬን ነው ያጣሁት። ብርሃኑ ከአልጋው ሥር ደብቆት ነበር ለካ።

‹‹እንደምትሄድ አውቄአለሁ›› አለኝ። ‹‹እኔም ብሆን እሄድ ነበር። አሁን ቁጭ በልና አስብ። የሻርክ ጥርስ መሆኑን በምን ታሳያለህ?››

‹‹በሻርክ›› አልሁ። እኔም ሳላስበው ነው የወጣኝ።

በአምስተኛው ቀን ማለዳ ዓሣ ገበያ ሄድን። ለእኛ ለደጋ ሰዎች ዓሣ ማለት የሐይቅ ቆሮሶ ነው። እዚያ ግን በረዶ ላይ የተጋደመውን ፍጥረት ሳይ ቢስሚላህ አልሁ፤ ቀይ አለ፣ ሰማያዊ አለ፣ ፊቱ የጎረቤቴን የመሰለም አለ። ጥግ ላይ ክንድ የሚያህል ትንሽ ሻርክ አየሁ። ሻጩ ዓብዱ የሚባል የመናዊ ነው። ተንበርክኬ የዓሣውን አፍ ስከፍት፣ ከኪሴ ማጉያዬን አውጥቼ ጥርሱን ስመረምር፣ ገዢዎቹ ሸሹት።

‹‹ሐኪም ነው?›› ብሎ ብርሃኑን ጠየቀው።

ብርሃኑ ሁሉንም በዓረብኛ ነገረው፤ ልጅቱን፣ ብልቃጧን፣ ማዳምን። ዓብዱ ማጉያውን ተቀብሎኝ እሱም አየ። ከድንጋይ የሚወጡት እንዲህ ቅርጽ አላቸው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ሥሩን፣ ሁለቱን እግር፣ ስለቱን አሳየሁት። ‹‹ታዲያ ይሄ ጥርስ ነው። ጥርስ ጥርስ ነው፣ ምኑ ያከራክራል?›› አለና ቢላዋውን አንስቶ መንጋጋውን ፈልቅቆ፣ አጥቦ፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠኝ። ዋጋውን ስጠይቅ እጁን አወናጨፈ።

‹‹ወደ መካ ትመለሳለህ አይደል? እናቴ ሰልማ ዓይኗ እየጠፋ ነው። ካዕባ ፊት ለፊት ቆመህ ስሟን ጥራልኝ። ዋጋው እሱ ነው።››

‹‹አደራህ በራሴ ላይ›› አልሁት። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ነው ያልሁት።

ከዚያ ወደ ጃሚዓ። ከበሩ ስንደርስ ብርሃኑ ከመኪናው አወረደኝ፤ እሱ ወደ ግቢው መግባት አይችልም። በሩን የከፈተችው ሰዓዳ ናት። ዓይኗ አብጦ ነበር። ግቢው ውስጥ ጥላ ሥር የከፊሉ እናት ተቀምጠዋል፤ ሠራተኞቹ ‹‹ማማ ከቢራ›› ይሏቸዋል፣ ትልቋ እናት ማለት ነው። ማዳም በተገረበበው የሳሎን በር ኋላ ቆማለች፤ ድምጿ ብቻ ይሰማል። ሳህኑ መሬት ላይ ነው፤ ውሃ፣ ጥርስ፣ ወረቀት። ማንም ሊነካው አይፈልግም።

መንጋጋውን ዘርግቼ ጥርሱን ከጥርስ ጋር እያነጻጸርሁ ተናገርሁ። ሰዓዳ ተረጎመች።

‹‹ሻርክ ተራራ ላይ ምን ይሠራል?›› አለች ማዳም ከበሩ ኋላ። ‹‹ክንፍ አለው?››

‹‹ተራራው ያኔ ተራራ አልነበረም። የባሕር ወለል ነበር።››

ሰዓዳ ይህን ስትተረጉም ድምጿ ተቆረጠ። በሕይወቴ ብዙ ዋሽቻለሁ፤ እውነት ስናገር የዚያን ቀን ያህል ውሸታም መስዬ ግን አላውቅም።

ማማ ከቢራ እጃቸውን ዘረጉ። ማጉያውን ሰጠኋቸው። መጀመሪያ የተዘረጋውን መንጋጋ፣ ቀጥለው ከሳህኑ አንዱን ጥርስ በመዳፋቸው አድርገው አዩ። ማዳም ‹‹አይንኩት!›› ብላ ጮኸች፤ እሳቸው ግን አልሰሟትም፣ ወይም አልሰማሁም አሉ።

‹‹የአባቴ ቤት ከባሕር በተቆረጠ ድንጋይ ነው የተሠራው›› አሉ። ‹‹ልጆች ሆነን ከግድግዳው ዛጎል በጥፍራችን እየነቀልን እንጫወት ነበር። ድንጋይ ውስጥ ዓሣ ቢገኝ አይገርመኝም።››

ልቤ ከወደቀበት ትንሽ ተነሣ።

‹‹የዓሣ ጥርስ መሆኑን ዓይኔ አይቷል›› ብለው ቀጠሉ። ‹‹ምን እንደተደገመበት ግን ዓይን አያይም።››

ልቤ ተመልሶ ወደቀ። እሱን እንዴት አድርጌ ላሳይ? ጥርስ መሆኑን በማጉያ ይታያል፤ አለመደገሙ በምን ይታያል? ለዚህ ማጉያ አልተሠራም። ተቀምጬበት የኖርሁት ሙያ ሁሉ እዚያ ግቢ ውስጥ አለቀብኝ።

አሮጊቷ ጥርሶቹን አንድ በአንድ ወደ ብልቃጧ መለሱና ወረቀቷን ጨምረው በሻሻቸው ጫፍ ቋጠሯት። ‹‹ድግምት ከሆነ በእኔ ይሁን። ዛሬ ከትራሴ ሥር አድርጌ እተኛለሁ። ነገ ቀትር ዙህርን በጤና ከሰገድሁ ልጅቷ ንጹሕ ናት፣ ኸላስ፤ ለልጄም ምንም አይነገረው። ካልተነሣሁ…›› ትከሻቸውን ነቀነቁ። ‹‹ይህች ልጅ ከሄደችማ እግሬን ማን ያሽልኛል?››

ማዳም የሳሎኑን በር ዘጋችው። አማት ናቸውና ምን ታደርግ። እኔም ላመሰግን አፌን ስከፍት ማማ ከቢራ ሳል ጀመራቸው። ሳሉ ቶሎ አላቆመም።

ሰዓዳ እስከ በሩ ሸኘችኝ። ‹‹ዕድሜያቸው ስንት ነው?›› አልኋት በሹክሹክታ።

‹‹እሳቸውም አያውቁት። ስኳር አለባቸው፣ ደም ግፊትም። ባለፈው ረመዳን ሆስፒታል ነበሩ።››

‹‹ዛሬስ መድኃኒታቸውን ውጠዋል?››

‹‹አባባ፣ አታስፈራኝ።››

‹‹ሂጂ ስጫቸው። ውሃም ስጫቸው። ጣፋጭ አታስነኪያቸው። ያላ!››

እንግዲህ ያ ነው የቀረን። የእህቴ ልጅ ነፍስ በአንዲት የታመመች አሮጊት እንቅልፍ ላይ ተንጠለጠለች።

በማግስቱ ከመካ ወደ ጂዳ አውሮፕላን ማረፊያ የምንጓዝበት ቀን ስለሆነ፣ ከሰዎቼ ጋር መገናኘት ነበረብኝ። ብርሃኑ መንገዱ እስከሚለያይበት ድረስ ወሰደኝ። እዚያ ላይ አንዱ መንገድ ለሙስሊም፣ ሌላው ለሌላው ነው።

‹‹ኢቃማዬ መግባት ይችላል›› አለ ዳር ይዞ እየቆመ፤ ‹‹እኔ ግን አልገባም። በውሸት ስም እንጀራ በላሁ፤ የሰው መስገጃ ግን በውሸት አልረግጥም። እዚሁ ሆኜ በራሴው ስም እጸልያለሁ፣ ጋሼ።›› የጋራ ታክሲ አሳፈረኝና በመስኮቱ በኩል የውሃ ጠርሙስ አቀበለኝ። የዘመድ ያህል ሆኖብኝ ዞሬ ዞሬ አየሁት።

ሐረም ስደርስ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። ጠዋፍ፣ ካዕባን መዞር፣ ጀመርሁ። ሰው ምን ምን እንደሚለምን ታውቃላችሁ፤ ጀነት፣ ጤና፣ ልጅ። እኔ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል አንድ ነገር ብቻ ነበር የያዝሁት። ‹‹ያ ረብ፣ ያቺን አሮጊት እስከ ነገ ዙህር አቆይልኝ፤ ከዚያ በኋላ አንተ ታውቃለህ›› አልሁ። ወዲያው በራሴ ደነገጥሁ። ካዕባ ፊት ለሰው ዕድሜ ቀጠሮ እቆርጣለሁ? ‹‹አስተግፊሩላህ! ዕድሜዋን አርዝመው፤ እንደ ኑሕ አድርጋት!›› ብዬ አረምሁ። አንዱ ቱርክ ከጎኔ ‹‹አሚን›› አለ። ስዞር እሷን፣ ስሰግድ እሷን፣ ዘምዘም ስጠጣ ስኳሯን። የሳሏ ድምፅ ከጆሮዬ አልወጣ አለ። መንሱር ተመልሼ በተኛሁበት ስልኬን ደረቴ ላይ አድርጌ እንደ ጨቅላ አቅፌው አደርሁ።

በስድስተኛው ቀን ዙህር ተሰገደ፤ ስልክ የለም። ሰዎቼ ሻንጣ ይጭናሉ፤ ስልክ የለም። ‹‹ጋሽ ይማም፣ ምነው ፊትህ አመድ መሰለ?›› ሲሉኝ ‹‹ሙቀቱ ነው›› አልሁ። አውቶቡሱ ሞተሩን ሲያስነሣ ስልኩ ጮኸ። ስጣደፍ ጣልሁት፤ ከወንበሩ ሥር ተንበርክኬ አነሣሁት።

መጀመሪያ የሰማሁት ልቅሶ ነው። ነፍሴ ወጣች።

‹‹አባባ…››

‹‹ሞቱ?››

‹‹ምን ሞቱ! ፉል ሁለት ጊዜ አስጨመሩ! ቆመው ነው የሰገዱት። ወላሂ ቆመው! ስንት ጊዜ ነው ወንበር ላይ ሲሰግዱ የኖሩት። ጉልበቴን ለቀቀኝ ይላሉ።›› ልቅሶው ሳቅ ሆነ። ‹‹ከፊሉ ዛሬ ማታ ይመጣል፤ ማዳምን አማቷ ‹ወሬው እዚህ ያበቃል› ብለዋታል፣ እሷም እሺ ብላለች። አንድ ነገር ብቻ…››

‹‹ምን? ምን?››

‹‹ብልቃጧን አልመልስም ብለዋል። በክር አስረው አንገታቸው ላይ አንጠልጥለዋታል። ‹የአጎትሽ መድኃኒት ነው› ይላሉ።››

ከአውቶቡሱ ወለል ላይ ሳልነሣ ቀረሁ። ማዳም ድግምት ነው ብላ ፈራችው፣ አሮጊቷ መድኃኒት ነው ብለው ወደዱት፤ የጉምሩኩም ወታደር ቢሆን ደዋ ብሎ ነው ያሳለፈው። ከሰዓዳ ሌላ በዚያ አገር ሁሉ ጥርሱን ጥርስ ብቻ ነው ብሎ የተቀበለኝ ሰው የለም። ቀጣዩን ፍርሃት ከአሁኑ ጀመርሁት፤ ጉልበታቸው ተመልሶ የታመመ ዕለት ማን ይጠየቃል? ለሰዓዳ አላልኋትም።

‹‹አባባ›› አለችኝ ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት፣ ‹‹ሁለተኛ ስትመጣ ማር ይዘህ ና።››

‹‹ኢንሻአላህ።››

‹‹ወረቀት እንዳትለጥፍበት።››

አውሮፕላኑ ተነሥቶ ባሕሩ ከታች ሲታይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ትንፋሽ ተነፈስሁ። ስተነፍስ አንድ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ከፊቴ ያለችው ሴትዮ ዞር ዞር አለች፤ አስተናጋጇ በመተላለፊያው እያሸተተች መጣች። ሽታው የሚመጣው ከእኔ ዕቃ ነው። በጋዜጣ የጠቀለልሁት የዓብዱ መንጋጋ ነው።

ከሰዓዳ ሌላ ማንም የለም አላልሁም? አንድ ሰው ነበር። ማጉያውን ተቀብሎ ያየ፣ ‹‹ጥርስ ጥርስ ነው›› ያለ፣ ቢላዋውን አንስቶ የፈለቀቀ። አደራህ በራሴ ላይ ብዬ፣ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ቃል የገባሁለት። ያን ሁሉ ጊዜ ካዕባ ፊት ስመላለስ የሰልማን ስም አንድ ጊዜ እንኳ አልጠራሁም።

መንጋጋው አሁን ኮምቦልቻ፣ መስኮቴ ላይ ደርቆ ተቀምጧል። እያንዳንዱ ሶላቴ ላይ ወደ ካዕባ ዞሬ ‹‹ሰልማ፣ የዓብዱ እናት፣ ዓይኗን›› እላለሁ። ግን ውላችን እንዲህ አልነበረም፤ ፊት ለፊት ቆመህ ነው ያለኝ። ተመልሼ ልሂድ ብልም ጉልበቴ እንደ ማማ ከቢራ አልሆነልኝም። ስሰግድ መንጋጋው ከጎኔ ጥርሱን አግጥጦ ያየኛል። ዓሣ ሻጩ ይጠብቃል፤ እናቱም ምናልባት ዓይኗ ይገለጥ እንደሆነ በየማለዳው ትሞክር ይሆናል።